«እግዚአብሔር የለየውን ሰው አያጣምረው» ምን ማለት ነው? ከየትስ መጣ?

ይቺ አባባል የፊዚክስ ሰዎች ናት፣ ግን ለኛም ጆሮ እንግዳ አትሆንም ምክንያቱም ዋናዋን ሰርግ ላይ ያልሰማ የለም፣ ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ቁጥር 6 ላይ «እግዚአብሔር ያጣመረውን እንግዲህ ሰው አይለየው» የምትለዋን ማለቴ ነው። ቮልፍጋንግ ፓውሊ የሚባል ቪየና የተወለደ ፊዚሲስት ይቺን ቃል ገልብጦ «እግዚአብሔር የለየውን ሰው አያጣምረው» አላት ይባላል፣ ያላትም አንስታይን ስበትንና ኤሌክትሮማግኔቲዝምን (የኤሌክትሪክንና የማግኔትን ሃይል) በአንድ ቲዮሪ ስር ለማስገባት ሲደክም አይቶ ነው። ዛሬ ዛሬ ደግሞ ስለ ስትሪንግ ቲዮሪ (ሁሉም ነገር ከሚንቀጠቀጡ በጣም ጥቃቅን ጭረቶች የተሰራ ነው የሚለው ሃሳብ) ወሬ በተነሳ ቁጥር አንዱ ይመዛትና «ይኸው ፓውሊ ድሮ ተናግሯል፣ ፊዚክስን አንድ አደርጋለሁ ማለት ከንቱ ልፋት ነው» ይላል። እኔ ይሄ አተረጓጎም ልክ አይመስለኝም፣ አባባሏ ከዚህ የበለጠ ቁም ነገር አላት፣ አመጣጧን ካየን ደግሞ በደንብ ይገባናል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምህረቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ነገር ፊዚክስ ውስጥ ማጣመር ነውር ሆኖ አያውቅም። እንደውም የፊዚክስ ትልልቅ ድሎች አብዛኞቹ ለየብቻ ይመስሉ የነበሩ ነገሮች አንድ ሆነው የተገኙባቸው ናቸው። ኒውተን በ1687 ከዛፍ የሚወድቀውን ፍሬና ሰማይ ላይ የምትዞረውን ጨረቃ የሚገዛቸው አንድ ህግ ነው አለ፣ ከሱ በፊት እኮ የምድሩ ህግ ሌላ የሰማዩ ሌላ ነበር የሚመስለው። ማክስዌል ደግሞ በ1860ዎቹ ኤሌክትሪክንና ማግኔትን በአንድ ቀመር ሲያስገባቸው ብርሃንም ራሱ የነሱ ሞገድ ሆኖ ቁጭ አለ፣ ሬዲዮውም ስልኩም ዋይፋዩም ከዛ የመጣ ነው። ከማክስዌል ትንሽ ቀደም ብሎ ፋራዳይ ስበትም ከኤሌክትሪክ ጋር ዝምድና አለው ብሎ ስላመነ ለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን ውስጥ የተጠቀለለ ሽቦ አዘጋጅቶ በመሃሉ ከከፍታ ላይ ነገር እየጣለ ኤሌክትሪክ ይፈጠር እንደሆነ ይለካ ነበር፣ ምንም አላገኘም። ውጤቱን ሲፅፍ ግን አሉታዊ መሆኑን ሳይደብቅ፣ ዝምድና አለ የሚለው እምነቴ ግን አልተናወጠም ብሎ ነው የዘጋው። ይሄ 1850 አካባቢ ነው፣ አንስታይን ገና አልተወለደም፣ ጥያቄው ምን ያህል የቆየ እንደሆነ አስቡት።

ከዛ አንስታይን በ1915 ስበት ማለት የስፔስና የጊዜ መጉበጥ ነው የሚለውን ቲዮሪ ጨረሰ። አሁን ዓለም ላይ ሁለት የሚያማምሩ ቀመሮች አሉ፣ አንዱ የስበት አንዱ የኤሌክትሮማግኔቲዝም፣ እና ሰውዬው ለምን ሁለት ይሆናሉ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ከባድ ነው ምክንያቱም ሁለቱ በጉልበት እንኳን አይቀራረቡም፣ ፍሪጅ ላይ የምንለጥፋት ትንሽዬ ማግኔት ሚስማር ስታነሳ መሬት በሙሉ ወደ ታች እየሳበችው ነው እኮ፣ ግን ማግኔቷ ታሸንፋለች። በ1919 ካሉዛ የሚባል የሒሳብ ሰው ለአንስታይን ደብዳቤ ፃፈለት፣ ዓለም 4 ዳይሜንሽን (ሶስት የቦታ አቅጣጫና ጊዜ) ብቻ ሳይሆን 5 አላት ብለን ከጀመርን የስበት ቀመር ውስጥ የማክስዌል ቀመር ራሱ ብቅ ይላል የሚል። በ1926 ኦስካር ክላይን አምስተኛዋ ዳይሜንሽን የማትታየን በጣም ትንሽ ሆና ስለተጠቀለለች ነው ብሎ ጨመረበት። ይቺን ሃሳብ ያዟት፣ ስትሪንግ ቲዮሪ ላይ ተመልሳ ትመጣለች።

አንስታይን አንዱን መንገድ ይሞክራል፣ ይተዋል፣ ሌላ ይጀምራል። በ1929 መጀመሪያ ላይ አንዱን ሙከራውን ሲያሳትም የሆነው ነገር ለማመን ይከብዳል፣ ለንደን ውስጥ ሰልፍሪጅስ የሚባለው ትልቁ መደብር ስድስቱን ገፅ ጎን ለጎን አድርጎ መስኮቱ ላይ ለጠፈው፣ መንገደኛውም ተኮልኩሎ ያነብ ጀመር፣ በቀመር የተሞላ ወረቀት! ይሄን ለአንስታይን በደብዳቤ የነገረው አስትሮኖመሩ ኤዲንግተን ነው። ፓውሊ ግን አልተደነቀም። በዛው ዓመት መጨረሻ ለአንስታይን ራሱ ፃፈለት፣ ቢበዛ በአንድ ዓመት ውስጥ ይሄን ነገር ትተወዋለህ፣ እወራረዳለሁ ብሎ። ጊዜው ትንሽ ረዘመ እንጂ አልቀረም፣ አንስታይን በ1932 መጀመሪያ ላይ «ልክ ነበርክ፣ አንተ ተንኮለኛ» ብሎ መለሰለት።

አባባሏ የወጣችው ከዚህ ከባቢ ነው፣ ስለዚህ ትርጉሟን ለማወቅ የተናገራትን ሰው ማወቅ ያስፈልጋል። ፓውሊ ምላሱ ስል የሆነ ሰው ነበር፣ የአንድ ወጣት ፊዚሲስት ፅሁፍ አሳይተውት «ይሄ ስህተት እንኳን አይደለም» ያለው እሱ ነው፣ ስህተት ለመባልም የሚፈተን ነገር መያዝ አለበት ለማለት (ይቺኛዋም ዛሬ ስትሪንግ ቲዮሪ ላይ በብዛት ትወረወራለች)። ግን ሰው ለማሳነስ የሚናገር ሰው አልነበረም። ገና በ21 ዓመቱ ስለ ሪላቲቪቲ ከ200 ገፅ በላይ ፅፎ አንስታይን ራሱ ያደነቀለት ሰው ነው፣ በ1945 ኖቤል ሲያገኝም ከጠቆሙት አንዱ አንስታይን ነበር። እና ያቺን ቃል የተናገራት የአንስታይንን ስራ እንደራሱ ስራ የሚያውቅ፣ የሚያከብረውም ሰው ነው። ይሄን ሳያውቁ አባባሏን ለፌዝ መጠቀም ያናድደኛል።

ታዲያ ምን ማለቱ ነው? እኔ የምረዳው እንደዚህ ነው። አንስታይን ሊያጋባቸው የፈለጋቸው ሁለቱን ብቻ ነው፣ ስበትንና ኤሌክትሮማግኔቲዝምን፣ ግን ልክ በዛው ጊዜ የአቶም ኒውክሌየስ ውስጥ ሌሎች ሁለት ሃይሎች እንዳሉ ነገር እየተገለጠ ነበር፣ ኒውትሮን ራሱ የተገኘው በ1932 ነው። ኳንተም ሜካኒክስንም (የአቶምንና ከዛ በታች ያሉ ነገሮችን ባህሪ የሚገልፀውን ቲዮሪ) አንስታይን የነገሩ መነሻ አላደረገውም፣ በኋላ ከስር ይወጣል ብሎ ነው የተወው። ማለት ቤተሰቡ በሙሉ ተሰብስቦ ሳያልቅ፣ ማን ከማን እንደሚዛመድ ሳይታወቅ፣ ሽማግሌም ሳይላክ ሁለት ሰው ማጋባት ነው የሆነው። የፓውሊ ነጥብ ይሄ ይመስለኛል፣ ተፈጥሮ ራሷ ወደ ጋብቻ ካልጠራችህ በሒሳብ ውበት ብቻ አታጋባ። መከልከል አይደለም፣ መቼና በምን ምክንያት የሚል ጥያቄ ነው።

ይሄ ትርጉም ልክ መሆኑን የሚያሳየኝ ከዛ በኋላ የሰመረው ጋብቻ ነው። ደካማው የኒውክሌየስ ሃይል፣ ማለትም ቤታ ራዲዮአክቲቪቲን የሚያመጣው፣ ፌርሚ በ1930ዎቹ የሰራለት ቲዮሪ ነበረው፣ በዝቅተኛ ኢነርጂ አሪፍ ይሰራል፣ ኢነርጂው ከፍ ሲል ግን ፕሮባቢሊቲው ከመቶ ፐርሰንት በላይ እየሆነ ይበላሻል። ብቻውን መቆም አልቻለም ማለት ነው። ግላሾው በ1961፣ ዋይንበርግ በ1967፣ ሳላም በ1968 ባሳተሟቸው ስራዎች ነገርየው የሚስተካከለው ከኤሌክትሮማግኔቲዝም ጋር ሲጣመር እንደሆነ አሳዩ፣ ጋብቻውም ከባድ የሆኑ አዳዲስ ፓርቲክሎች መኖር አለባቸው አለ። በ1979 ሶስቱም ኖቤል ወሰዱ፣ በ1983 ደግሞ ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የፓርቲክል ምርምር ማዕከል ውስጥ ፓርቲክሎቹ ተገኙ፣ ደብልዩ የሚባለው ክብደቱ 80 ጊጋኤሌክትሮንቮልት (የፓርቲክል ክብደት መለኪያ ነው) አካባቢ፣ ዜድ ደግሞ 91 አካባቢ፣ በተጠበቁበት ቦታ። (ሳላም ፓኪስታናዊ ነው፣ በ1964 ጣሊያን ትሪየስተ ላይ ለታዳጊ ሀገር ሳይንቲስቶች ብሎ ያቋቋመው ማዕከል የኛ ሀገር ልጆችም ሄደው የተማሩበት ነው፣ ለዚህ ሰውዬ ልዩ አክብሮት አለኝ።)

ሌላ ሰው የማያነሳው ነገር ደግሞ ፓውሊ ራሱ ማጣመር ሞክሯል። በ1953 የካሉዛን መንገድ ወደ 6 ዳይሜንሽን አስፍቶ ሰራና ከሙከራ ውጤት ጋር የማይሄዱ ክብደት አልባ ፓርቲክሎች ስለወጡበት ሳያሳትመው ተወው። ከዛም በ1957 መጨረሻ ከኳንተም ሜካኒክስ መስራቾች አንዱ ከሆነው ከሃይዘንበርግ ጋር ሆኖ ፓርቲክሎችን በሙሉ በአንድ ቀመር የሚገልፅ ቲዮሪ ጀመረ፣ መጀመሪያ በጣም ነበር የጓጓው፣ በ1958 ኒውዮርክ ሄዶ ሲያቀርበው ግን የሰዎቹ ጥያቄ በዛ፣ እሱም ቀስ በቀስ እምነቱ ተሸረሸረ። ሃይዘንበርግ በሬዲዮ ቲዮሪው አለቀ፣ የቀሩት ቴክኒካል ዝርዝሮች ናቸው ሲል ፓውሊ ጋሞቭ ለሚባል ፊዚሲስት ደብዳቤ ፃፈ፣ ወረቀቱ ላይ ባዶ አራት ማዕዘን ስሎ «ይሄ እንደ ቲሺያን መሳል እንደምችል ለዓለም ያሳያል፣ የጎደለው ቴክኒካል ዝርዝር ብቻ ነው» የሚል (ቲሺያን የድሮ ታላቅ ጣሊያናዊ ሰዓሊ ነው)። በዛው ዓመት ታህሳስ ውስጥ ዙሪክ ላይ አረፈ። እና አባባሏን «አትሞክሩ» ብሎ የሚተረጉም ሰው የተናገራት ሰው እስከ መጨረሻው ሲሞክር እንደነበር ይወቅ።

አሁን ወደ ስትሪንግ ቲዮሪ እንምጣ፣ ዋናው ክርክር እዚህ ነውና። ብዙ ሰው የሚመስለው ሆን ተብሎ ስበትን ከኳንተም ጋር ለማጋባት የተፈጠረ ነው። አይደለም። በ1968 ቬኔዚያኖ ጠንካራውን የኒውክሌየስ ሃይል ለመግለፅ አንድ ቀመር አወጣ፣ 1970 አካባቢ ናምቡ፣ ኒልሰንና ሳስኪንድ ለየብቻቸው ቀመሩ በውስጡ የሚንቀጠቀጥ ጭረት፣ ማለትም ስትሪንግ፣ እንደሚገልፅ አስተዋሉ። ግን አንድ ችግር ነበረው፣ ክብደት የሌለው፣ ስፒኑ (የፓርቲክል ሽክርክሪት መለኪያ) 2 የሆነ ፓርቲክል ሁልጊዜ እየወጣ ያስቸግራቸዋል፣ ኒውክሌየስ ውስጥ እንደዛ አይነት ነገር የለም፣ ሊያጠፉት ሞከሩ፣ እምቢ አለ። በመሃል ለጠንካራው ሃይል ትክክለኛው ቲዮሪ ተገኘና አብዛኛው ሰው ስትሪንግን ጥሎ ሄደ። በ1974 ግን ሼርክና ሽዋርዝ፣ ጃፓን ውስጥ ደግሞ ዮኔያ፣ ይሄ አስቸጋሪ ፓርቲክል የስበት ተሸካሚ የሆነው ግራቪቶን ነው እኮ አሉ! ስበት ሳይጠራ ነው የመጣው። በተለመደው መንገድ ስበትን ኳንተም ለማድረግ ሲሞከር መልሱ ሁሉ ኢንፊኒቲ እየሆነ ነበር የሚያስቸግረው፣ እዚህ ግን መስተጋብሩ አንድ ነጥብ ላይ ሳይሆን በጭረቱ ላይ ተዘርግቶ ስለሚሆን ኢንፊኒቲው የሚረግብ ሆኖ ተገኘ። በ1984 ግሪንና ሽዋርዝ ሒሳቡ 10 ዳይሜንሽን ላይ እርስ በርሱ ሳይጋጭ እንደሚቆም ሲያሳዩ ነው ዓለም በሙሉ ወደዚህ የዞረው፣ ትርፎቹ 6 ዳይሜንሽኖችም ልክ እንደ ክላይን ተጠቅልለው ነው የሚታሰቡት። በ1995 ዊተን አምስቱ የስትሪንግ ቲዮሪዎች የአንድ 11 ዳይሜንሽን ያለው ነገር የተለያየ መልክ ይመስላሉ አለ።

እኔን የሚማርከኝ የ1974ቱ ነው። በፓውሊ መስፈርት ካየነው ይሄ በግድ የተጋባ አይደለም። በሌላ በኩል ግን የሰርን አይነት ማረጋገጫ እስካሁን የለውም፣ ጭረቶቹ ይኖራሉ የሚባልበት ርዝመት አንድ ሜትር ለ60 ሚሊዮን ቢሊዮን ቢሊዮን ቢሊዮን ያህል ተካፍሎ ከሚደርስበት የፕላንክ ርዝመት ብዙም የማይርቅ ነው ተብሎ ነው የሚታሰበው፣ 27 ኪሎሜትር ዙሪያ ያለው የሰርን ማሽን እንኳን እዛ አጠገብ አይደርስም፣ ይገኛሉ ተብለው የተጠበቁት የሱፐርሲሜትሪ ፓርቲክሎችም (ለሚታወቀው ፓርቲክል ሁሉ አለው የሚባለው ከባድ አቻ) አልታዩም። ዳይሜንሽኖቹን ለመጠቅለል ያሉት አማራጮች ደግሞ 10 እስከ 500 ድረስ ከፍ ተደርጎ የሚፃፍ ቁጥር ነው የሚሰጣቸው፣ የኛ ዓለም የትኛዋ እንደሆነች መምረጥ አልተቻለም። ስለዚህ ተቺዎቹ የሚሉት ዝም ብሎ ቅናት አይደለም፣ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው።

አባባሏ በትክክል የምትገባበት ቦታ ግን ሌላ ይመስለኛል። ከ50 ዓመት በላይ አብዛኛው ሰው ስበት የግድ ኳንተም መሆን አለበት ብሎ ነው የተነሳው፣ ማለት እግዚአብሔር አልለያቸውም ብሎ። ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያለው ጆናታን ኦፐንሃይም በ2023 ያሳተመው ስራ ግን ስበት ኳንተም ሳይሆን እንዳለ ሊቀር ይችላል የሚል ነው፣ ሌላው ነገር ሁሉ ኳንተም፣ ስፔስና ጊዜ ግን ክላሲካል (ኳንተም ያልሆነ፣ እንደ ድሮው ፊዚክስ)፣ በመሃላቸው ደግሞ ዕጣ የመሰለ መዋዠቅ። ሮቬሊና ፔኒንግተን የሚባሉ ሁለት ፊዚሲስቶች አይሆንም ብለው 5000 ለ 1 ተወራርደውታል። እና ይሄ በወሬ ብቻ የሚቀር ክርክር አይደለም፣ በ2017 ሁለት ቡድኖች ለየብቻቸው አንድ ሙከራ ሃሳብ አቅርበዋል፣ ከአቧራ ቅንጣት የማይበልጡ ሁለት ነገሮችን እያንዳንዳቸው በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ባሉበት የኳንተም ሁኔታ አስቀምጦ በመሃላቸው ከስበት ውጪ ምንም እንዳይኖር ማድረግ ነው፣ በስበት ብቻ ከተቆላለፉ (የአንዱ ሁኔታ ከሌላው ተለይቶ መገለፅ እስከማይችል በኳንተም ከተሳሰሩ) ስበት ክላሲካል ነው ማለት አይቻልም። ለመስራት በጣም ከባድ ነው፣ ቅንጣቶቹን ከሙቀትም ከንዝረትም ከኤሌክትሪክም መጠበቅ ይጠይቃል፣ ላብራቶሪዎች ግን እየሰሩበት ነው።