ካዝናው ወጣ ማለት ባዶ ሆነ ማለት አይደለም

ክላሽ ባለበት ቤት ያደገ ሰው ስለ መሣሪያ ምክር ሲሰጡት አይወድም። "ከልጅነቴ ጀምሮ የያዝኩት ነው" ይላል። ግን ባረቀበት የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ እሱው ነው።

"ካዝናውን (ጥይት የሚሞላበትን ተነቃይ ክፍል) አውጥቻለሁ፣ ባዶ ነው" የሚለውን እንውሰድ። የተቀባበለ ክላሽ አንድ ጥይት ጎርሷል። ካዝናውን ስታወጣ ያቺ አንዷ እዚያው ትቀራለች፣ ምላጩ ከተሳበ ደግሞ ካዝና ኖረም አልኖረም ትወጣለች። ስታራግፍ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙር፣ ጣትህ ከምላጩ ይራቅ። መጀመሪያ ካዝናውን አውጣ። ከዚያ ሴፍቲውን አውርደህ ማቀባበያውን እስከ መጨረሻው ሳብ፣ የጎረሰው ጥይት ካለ ተፈናጥሮ ይወድቃል። እንደሳብከው ይዘህ ውስጡን እይ፣ ጨለማ ከሆነ በጣትህ ዳስስ። ቅደም ተከተሉን ገልብጠህ ካዝናው ሳይወጣ ካቀባበልክ ግን አንዷን አስወጥተህ ሌላዋን አጎረስክ ማለት ነው። "ጥይቷ ስትወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ" ብሎ የሚምለው ሰው አልዋሸም፣ ያያት የመጀመሪያዋን ነው።

"ሴፍቲው ዝግ ነው" ደግሞ አለ። ሴፍቲ ብረት ነው፣ ያረጃል፣ ይላላል። ክላሽ ላይ ከላይ ዝግ፣ መሃል ላይ ሩምታ፣ ታች ነጠላ ነው፤ በድንጋጤ አንድ እርከን ብቻ ያወረደ ሰው ሩምታ ይለቃል። ስለዚህ ዝግም ቢሆን አፈሙዝ ሰው ላይ አይዞርም፣ ለቀልድም ቢሆን። (ለፎቶ ሲሆን ሁሉም ጣቱን ምላጭ ላይ የሚያደርገው ለምን እንደሆነ እንጃ።)

"ወደ ሰማይ ነው የተኮስኩት፣ ማንን ይነካል?" ይሄ በሠርግም በለቅሶም የምንሰማው ነው። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 700 ሜትር ገደማ ይበርራል። ቀጥ ብሎ ከወጣ ሲመለስ ፍጥነቱ በጣም ቀንሶ ነው፣ ያም ሆኖ ቆዳ ሊበሳ ይችላል። ደግሞስ በጭፈራ መሃል ማን ቀጥ አድርጎ ይተኩሳል? ወደ ጎን ያዘነበለ ጥይት ከቀጥታው የበለጠ ፍጥነት ይዞ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል፣ ቆርቆሮ ጣራም አያስቆመውም። ተኳሹ የት እንዳረፈ ሳያውቅ ጠላውን ይጠጣል።

ፈቃድ አለኝ የሚልም አይጠፋም። በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ በፈቃድ እንዲያዝ ያዛል፣ ጥሩ። ፈቃዱ ግን አያያዝ አያስተምርም።

"ልጆቹ የት እንዳስቀመጥኩት አያውቁም።" ያውቃሉ! አልጋ ስርም ቁም ሳጥን ላይም ቀድመውህ ደርሰዋል። መሣሪያውን አራግፈህ ቆልፍበት፣ ጥይቱን ሌላ ቦታ ቆልፍ፣ ቁልፉ ካንተ አይለይ።

የመጨረሻው "አሁን እኮ ፈትሼዋለሁ፣ እንካ" የሚለው ነው። የሰጠህ ወንድምህም ይሁን አባትህ፣ በእጅህ እንደገባ ራስህ ፈትሽ። አላመንከኝም ብሎ ቅር ካለው፣ ይበለው።