«ስንት ቀን ጨረር ታዘዘ?»፦ ከቀዶ ሕክምና በፊት ስለሚሰጥ ጨረር የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ዙሪያ ባሉ ሻይ ቤቶች አስታማሚዎች ሲገናኙ ቶሎ የሚጠያየቁት የጨረሩን ቀን ብዛት ነው። በቀን ብዛት ብቻ የሚመዝን ግን ይሳሳታል።

«5 ቀን ብቻ የታዘዘለት ተስፋ ስለተቆረጠበት ነው»

አይደለም። ለሬክተም፣ ማለትም ለትልቁ አንጀት የታችኛው ጫፍ ካንሰር፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት ሁለት የታወቁ አሰጣጦች አሉ፦ በቀን 5 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ለ5 ቀን፣ ወይም በቀን 2 ግሬይ ለ25 ቀን። ድምሩ 25 እና 50 ስለሆነ «ግማሹን ነው የሰጡት» ይባላል። ጨረር ግን እንዲህ አይደመርም፤ የአንድ ቀኑ መጠን ሲተልቅ ጉልበቱ ከድምሩ በላይ ይጨምራል። ይህን ጉልበት በሚገምተው የተለመደ ስሌት ዕጢው ላይ የአጭሩ 37.5፣ የረጅሙ 60 ይሆናል። ጉዳቱ ቆይቶ በሚታይበት ጤናማ አካል ላይ ደግሞ 67 ለ83 ገደማ ነው፤ አጭሩ «ቀላሉ» አይደለም ማለት ነው። በ2017 ውጤቱ የወጣው የስዊድኑ ስቶክሆልም 3 ጥናት ሁለቱን በታካሚዎች ላይ ሲያወዳድር፣ ካንሰሩ እዚያው ቦታ ተመልሶ የመምጣቱ ነገር ተቀራራቢ ነበር።

«በአይጥ የተሞከረ ለሰው ምን ይፈይዳል?»

ብዙ፤ የአይጥ ብቻ ሳይሆን የሌላ እንስሳም ሙከራ። በ1920ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ፈረንሳዊው ሐኪም ክሎዲየስ ሬጎ የአውራ በግ ቆለጥ በአንድ ጊዜ ጨረር ቆዳውን ሳይጎዳ ማምከን አልሆነለትም፤ ከፋፍሎ ሲሰጥ ሆነለት። ጨረርን በየቀኑ ቆንጥሮ የመስጠት ልማድ አንዱ መነሻ ይኸው ነው።

ተቃራኒውም ስህተት ነው፤ ቀጠሮን ከአይጥ መቅዳት አይቻልም። 20 ግራም በምትመዝን አይጥ ላይ 1 ግራም ዕጢ፣ 60 ኪሎ ሰው ላይ 3 ኪሎ እንደማለት ነው፤ ያውም በጥቂት ቀናት እጥፍ የሚሆን። የእሷ አንድ ሳምንት የእኛ አንድ ሳምንት አይደለም። ጥቅሟ ሌላ ነው፦ ተመሳሳይ ዕጢ በተከሉባቸው አይጦች የጨረሩን አከፋፈል ብቻ ይለዋውጣሉ፣ ዕጢውን ቆርጠው ያወጣሉ፣ ከዚያ ተመልሶ በቅሎ እንደሆነ ወይም ወደ ሳንባ ሄዶ እንደሆነ ያያሉ። ሁለት ሰው ግን አንድ ዓይነት ዕጢ የለውም።

«ጨረር ላይ ያለ ሰው ልጅ አይቀፍ»

ከውጭ በማሽን የሚሰጥ ጨረር ማሽኑ ሲጠፋ ያበቃል። ይቀፍ።

«ከጨረር በኋላ መጠበቅ የወረፋ ጣጣ ነው»

አንዳንዴ ነው፤ የአዲስ አበባን ወረፋ ማን ያጣዋል! ሆኖም ጨረር የመታው ሴል ብዙ ጊዜ የሚሞተው ለመከፋፈል ሲሞክር በመሆኑ ዕጢው ለሳምንታት መሟሸሹን ይቀጥላል። በዚያው የስዊድን ጥናት ከ5 ቀን ጨረር በኋላ ከ4 እስከ 8 ሳምንት የጠበቁት፣ ወዲያው ከተቀደዱት ይልቅ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ ችግር ቀንሶላቸዋል። «ዶክተር፣ ይህ ቀጠሮ የሕክምናው ነው ወይስ የወረፋው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።