ስለ ጂኦካሺንግ ትናንሽ መያዣዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጂኦካሺንግን ለማያውቅ ጨዋታው በአጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው መያዣ ይደብቅና የቦታውን የጂፒኤስ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያወጣል። ሌላው በስልኩ እየተመራ ይሄዳል፣ ፈልጎ ያገኛል፣ ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ይፈርማል፣ ዕቃውንም በነበረበት ይመልሳል። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 ነው። አሜሪካ የሲቪሉን ጂፒኤስ ሆን ብላ ማዛባቷን ባቆመች ማግስት ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው ኦሪገን ውስጥ አንድ ባልዲ ደበቀ።

ዛሬ ከባልዲው ይልቅ እጅ ውስጥ የሚጠፉ መያዣዎች በዝተዋል። ከ100 ሚሊ ሊትር በታች የሚይዘው ማይክሮ ይባላል። ከ10 ሚሊ ሊትር በታች ሲሆን ደግሞ ናኖ ይሉታል። አንዳንዱ ናኖ ስፋቱ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እኔ እነዚህን ትንንሾች በጣም እወዳቸዋለሁ። በመጀመሪያው ዝናብ ወረቀታቸው በስብሶ ሳገኛቸው የሚያንገበግበኝም ለዚህ ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከስንፍና አይመጣም። ከሰው ሰው ሲተላለፍ እውነት የመሰለ ምክር አለ፤ ሰውም በቅን ልብ ያንን ይከተላል።

«ትንሽ ስለሆነ ብዙ ዝግጅት አይጠይቅም»

ነገሩ ተቃራኒው ነው። ትልቅ ሳጥን ውስጥ ደብተሩ በላስቲክ ይጠቀለላል፣ ላስቲኩ ሌላ ላስቲክ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ሳጥኑ ይዘጋል። ክዳኑ ትንሽ ቢያስገባ እንኳ ውሃው ታች ይቀራል፤ ደብተሩ ይተርፋል። ትንሽ መያዣ ይህ ዕድል የለውም። ያለው አንድ ክዳንና አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው። ክዳኑ ከከዳ ወረቀቱ ሄደ ማለት ነው። ወረቀቱ ከሄደ ደግሞ ፈልጎ ያገኘው ሰው የሚፈርምበት የለውም።

«የፎቶ ፊልም መያዣን የሚያህል የለም»

የዱሮው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም መያዣ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ትልቅ ክብር አለው። ወደ 30 ሚሊ ሊትር ይይዛል፣ ቀላል ነው፣ ለመደበቅም ይመቻል። ግን የተሠራው ፊልምን ከአቧራና ከእርጥበት ለአጭር ጊዜ እንዲጠብቅ ነው። ዓመቱን ሙሉ ዝናብና ፀሐይ እንዲችል ማንም አላሰበውም። ክዳኑ ተጭኖ የሚገጥም እንጂ እየዞረ በጥርስ የሚጠብቅ አይደለም። ብዙ እጅ ሲከፍተውና ሲዘጋው ይላላል። ፀሐይ ሲመታው ይደርቅና ጠርዙ ይሰነጠቃል። ጣሪያ ባለው ደረቅ ቦታ ይሁን፤ ሜዳ ላይ ግን አልመክረውም።

ምን ይሻላል ለሚለኝ መልሴ ፕሪፎርም ነው። የለስላሳ ጠርሙስ በሙቀት ተነፍቶ ከመስፋቱ በፊት ያለው ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ማለት ነው። ግድግዳው ጠንካራ ነው። ክዳኑም የጠርሙሱ ክዳን ራሱ ስለሆነ የጋዝ ግፊት አፍኖ እንዲይዝ ታስቦ የተሠራ ነው። በጥርስ የሚዘጉት የላብራቶሪ ቱቦዎች፣ 15 እና 50 ሚሊ ሊትር የሚይዙት፣ እነሱም ጥሩ ናቸው። አንድ ችግር አላቸው። ጠባብ ቱቦ ውስጥ የገባ ጥቅል ወረቀት ይፈታና ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ወረንጦ ያልያዘ ሰው ሊያወጣው ሲታገል ይቀደዳል። ወረቀቱን ቀጭን ክር አስራችሁ ጫፉን ወደ አፉ ብትተዉት ነገሩ ይቀላል። ክሩ ግን ከክዳኑ ሥር እንዳይወጣ።

«ውስጡ የሚረጥበው ታፍኖ በቀረው አየር ነው»

ይህን የማይል ሰው የለም። «እርጥብ ቀን ላይ ዘግቼው ነው» ይባላል። እስቲ እናስላው። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ እርጥበት የጠገበ አየር በአንድ ሜትር ኩብ 17 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል። የፊልም መያዣ የሚያህል 30 ሚሊ ሊትር አየር ውስጥ ታዲያ ያለው ግማሽ ሚሊ ግራም ገደማ ነው። አንድ ጠብታ ውሃ ደግሞ 50 ሚሊ ግራም ያህል ይመዝናል። ታፍኖ በቀረው አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ሙሉ በሙሉ ወደ ውሃ ቢቀየር እንኳ የጠብታ መቶኛ እጅ ነው። ወረቀት አያበሰብስም።

እውነተኛው ጥፋተኛ ሌላ ነው። መያዣው ፀሐይ ላይ ሲውል ውስጡ ያለው አየር ይሞቅና ይሰፋል። ከ15 ወደ 45 ዲግሪ ቢሄድ 10 ከመቶ ያህል መስፋት ይፈልጋል። ክዳኑ በደንብ ካልጠበቀ ትርፉ አየር ሾልኮ ይወጣል። ከዚያ ድንገት ዝናብ ይመጣል። ዕቃው ይቀዘቅዛል፣ አየሩ ይሰበሰባል፣ መያዣው የወጣበትን አየር መልሶ መሳብ ይጀምራል። በዚያ ሰዓት የክዳኑ ዙሪያ ውሃ ከተኛበት የሚስበው አየር ሳይሆን ውሃ ነው። በ30 ሚሊ ሊትር መያዣ ይህ እስከ 3 ሚሊ ሊትር ሊደርስ ይችላል። ወደ 60 ጠብታ ማለት ነው፤ ያውም በአንድ ዝናብ።

ይህን ያወቀ ሰው ቦታ ሲመርጥ ዓይኑ ይለወጣል። ጥላ ይፈልጋል። ክዳኑን ወደ ታች ወይም ወደ ጎን ያደርጋል፤ ዙሪያው ላይ ውሃ እንዳይቋጠር። ጉድጓድ መሳይ ነገር ውስጥ አይከተውም።

«ሲሊካ ጄል ከገባ ያበቃል»

ከጫማና ከኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ጋር የምትመጣው ትንሿ ከረጢት ክፉ አይደለችም፤ አቅሟ ግን ውስን ነው። ሲሊካ ጄል የሚመጠው ውሃ ቢበዛ የክብደቱን አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። አንድ ግራም ከሆነች 6 ወይም 7 ጠብታ ይዛ ትጠግባለች። ከጠገበች በኋላ ወረቀቱን የምትነካ እርጥብ ከረጢት ብቻ ናት። ናኖ ውስጥ ደግሞ ከነጭራሹ ቦታ የላትም።

«ክዳኑ ጥርስና ጎማ ካለው አያስገባም»

በቁልፍ መያዣ ላይ የሚንጠለጠሉት ትንንሽ የአሉሚኒየም ቱቦዎች፣ ባይሰን ቲዩብ የሚባሉት፣ ክዳናቸው ሥር ኦ-ሪንግ አላቸው። ያቺ ቀጭን የጎማ ቀለበት ናት ሥራውን ሁሉ የምትሠራው። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከሥሯ ከገባች በቃ። ስለዚህ ከመዝጋታችሁ በፊት ጣታችሁን ዙሪያውን አዙሩ። የሚሻክር ነገር ከተሰማችሁ ጥረጉት።

ከአሸዋ የባሰው ግን ወረቀቱ ራሱ ነው። ጠርዙ በክዳኑና በጎማው መካከል ከተቆነጠጠ እንደ ኩራዝ ክር ይሆናል፤ ከውጭ ያለውን ውሃ እየመጠጠ ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ያደርሳል። ክዳኑ ከውጭ ሲያዩት ጥብቅ ያለ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ወረቀቱን ስትቆርጡ ርዝመቱ ከመያዣው ጥልቀት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይነስ። ፈራሚዎች ቸኩለው ቢጠቀልሉትም ክዳኑ ጋ እንዳይደርስ።

ጎማው ሲደርቅ ቫዝሊን መቀባትም የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ቫዝሊን የነዳጅ ውጤት ነው፤ አንዳንድ የጎማ ዓይነት ላይ ሲቀባ ያሳብጠዋል፣ ያላላዋል። የሲሊኮን ግሪስ ስስ አድርጎ መቀባት ይሻላል። የተሰነጠቀ ጎማ ግን ቅባት አያድነውም፤ ይቀየር።

«ውሃ የማያበሰብሰው ወረቀት ሁሉን ይፈታል»

ከፕላስቲክ የሚሠራው ወረቀት አይበሰብስም፣ አይቀደድም። እውነት ነው። ግን ብዙ እስክሪብቶ ላዩ ላይ ይንሸራተታል፤ የጄል ቀለም ሳይደርቅ ይቆይና በጣት ይጠፋል። ሲጠቀለል ደግሞ ተመልሶ መፈታት ይወዳል። ሰፋ ላለ ማይክሮ ይሁን፤ ለናኖ ግን ስስ ወረቀት ይበልጣል። የትኛውንም ብትመርጡ ከእስክሪብቶ እርሳስ ይመረጣል። የእርሳስ ጽሑፍ ውሃ ሲነካው አይሟሟም።

መስመሮቹን በኮምፒውተር የምታትሙ ከሆነ በሌዘር ፕሪንተር ይሁን። ቶነሩ በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ላይ ስለሚጣበቅ ውሃ አያጥበውም። የኢንክጄት ቀለም ግን ብዙ ጊዜ ጠብታ ሲነካው ይፈስሳል።

አጠቃለሉም ሙያ አለው። አንድ ስቴኪኒ ውሰዱና ጫፉን በምላጭ ለሁለት ሰንጥቁት። የወረቀቱን ጫፍ ስንጥቁ ውስጥ አስገቡ። ከዚያ በሁለት ጣት እያጠበቃችሁ አዙሩ፣ ሲያልቅ ስቴኪኒውን ስባችሁ አውጡ። የመጀመሪያውን 3 ሴንቲ ሜትር ባዶ ተዉት፤ ሰው የሚይዝበት ነው። ጥቅሉን በሚለጠጥ ላስቲክ አትሰሩት። ላስቲክ ሙቀት ሲነካው ይሟሟና ወረቀቱ ላይ ይጣበቃል።

«ማግኔት ካለው የትም ይጣበቃል»

አሉሚኒየም ላይ አይጣበቅም። ብዙ የማይዝግ ብረትም አይስበውም። ቦታውን ቀድማችሁ በማግኔት ፈትሹ። በተጨማሪ ብዙ ሰው ማግኔቱን ከውጭ በሱፐር ግሉ ይለጥፋል። የፊልም መያዣና ብዙ ለስላሳ ፕላስቲኮች ከፖሊኢቲሊን ወይም ከፖሊፕሮፒሊን የተሠሩ ናቸው፤ እነዚህ ላይ ሙጫ እምብዛም አይይዝም። አንድ ቀን አንዱ ይጎትተዋል፤ ማግኔቱ ብረቱ ላይ ይቀራል፣ መያዣው እጁ ላይ ይመጣል። ማግኔቱን ከውስጥ አስቀምጡት። ጉልበቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ ግን አይወልቅም፣ ዝናብም አያገኘውም። ማግኔቱን የብረት መያዣ ላይ መለጠፍ ግድ ከሆነ ሁለቱንም ገጽ በብርጭቆ ወረቀት አሻክራችሁ ኤፖክሲ የሚባለውን ሙጫ ተጠቀሙ።

ይህን በጥብቅ እላለሁ፦ ትንንሽ ኒዮዲሚየም ማግኔቶችን ሕፃን እጅ አታድርሱ። ሁለት ከተዋጡ አንጀት ውስጥ ተሳስበው ሕይወት የሚያሰጋ ጉዳት ያደርሳሉ። ተንቀሳቃሽ ማግኔት ያለበትን መያዣ የልጆች መጫወቻ አካባቢ አለመደበቅ ነው።

«ታጥቦ የደረቀ የቅመም ወይም የመድኃኒት ዕቃ ይበቃል»

ሽታ ፕላስቲክ ውስጥ ይገባል። ለእኛ የጠፋ ቢመስልም አይጥ ያገኘዋል፤ ያኝከዋል። የመድኃኒት ዕቃ ክዳን ደግሞ ልጅ እንዳይከፍተው ነው የተሠራው እንጂ ዝናብ እንዳይገባበት አይደለም።

«ማን ያየዋል፣ ምልክት አያስፈልገውም»

በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ ቱቦ ድልድይ ሥር ተለጥፎ ያየ ሰው ጨዋታ ነው ብሎ አያስብም። በተለያዩ አገሮች ፖሊስ የፈንጂ ባለሙያ ጠርቶ የተገኘው ጂኦካሽ የሆነበት ጊዜ አለ። የውሃ ቧንቧ ቁራጭ በሁለት በኩል ደፍኖ መጠቀም ይቅር። ውስጡ የሚታይ መያዣ ምረጡ፤ ከላዩ የጨዋታ ዕቃ መሆኑን ጻፉ። ናኖ ላይ ቦታ ከጠፋ በወረቀቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ ይጻፍ። የቦታውን ባለቤት ማስፈቀድም የዝግጅቱ አካል ነው።

«ባነሰ ቁጥር ጨዋታው ይጣፍጣል»

በዚህ ብዙ ወዳጆቼ አይስማሙኝም። ስልክ ሰማዩ በተከፈተበት ቦታ እንኳ 5 ሜትር ገደማ ይስታል። ዛፍ ወይም ሕንፃ ሲኖር ይብሳል። 5 ሜትር ማለት ዙሪያውን ሲታሰብ ወደ 78 ካሬ ሜትር መሬት ነው። በዚያ ሁሉ መካከል 1 ሴንቲ ሜትር ዕቃ የድንጋይ አጥር ውስጥ ብትከቱ ሰው ድንጋዩን እያነሳ ይፈልጋል፣ ሣሩን ይረግጣል፣ ቅርንጫፍ ይሰብራል። ናኖ የሚያምርበት አለ፤ መፈለጊያው አንድ የብረት አጥር ወይም አንድ ምሰሶ ብቻ ሲሆን። ከዚያ ውጭ ቦታው ሳያጋልጥ መደበቅ የሚችለውን ትልቁን መያዣ ምረጡ። ዛፍ ላይ ሚስማር መምታት በፍጹም አይሆንም፤ የጨዋታው ደንብም ይከለክላል።

«ውሃ አያስገባም ተብሎ የተሸጠ አይፈተንም»

ይፈተናል። ቁራጭ ሶፍት ላይ በሚሟሟ ቀለም ነጥብ አድርጉና ውስጡ ክተቱት። መያዣውን ዘግታችሁ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ አቆዩት። የሚወጣ አረፋ ካያችሁ የሚያሾልክበትን ቦታ አገኛችሁ። ከዚያ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስገቡትና ያድርበት። ፀሐይና ዝናብ ውጭ የሚያደርጉበትን ነው ቤት ውስጥ የምታደርጉበት። ጠዋት ከውጭ በደንብ አድርቃችሁ ክፈቱት። ነጥቡ ከተበተነ ያ ዕቃ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

«አንዴ ከተደበቀ አለቀ»

ናኖ ወረቀት ቶሎ ይሞላል፤ ሰው የሚሄድበት ቦታ ከሆነማ ከገመታችሁት በፊት። የተጠቀለለ ትርፍ ወረቀት፣ ትርፍ ኦ-ሪንግና ወረንጦ አብራችሁ ያዙ። ፈላጊ «ወረቀቱ እርጥብ ነው» ብሎ ከጻፈ ወረቀቱን ብቻ ቀይራችሁ አትመለሱ። የክዳኑን ጥርስና የጎማውን ማረፊያ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ጎማውን አጠፍ አድርጋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ፣ ከዚያ አዲሱን ወረቀት አስገቡ።