«ድርጅቱ የኔ ነው» ማለት ንብረቱ የኔ ነው ማለት አይደለም

«የራሴን ገንዘብ ነው እኮ ያወጣሁት! ምን አጠፋሁ?»

በጥብቅና ሥራዬ ይህችን ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማኋት ቆጥሬ አልዘልቀውም። የሚሉት ደግሞ ሌቦች አይደሉም። ለፍተው፣ ከምንም ተነሥተው ድርጅት ያቆሙ ሰዎች ናቸው። ከድርጅቱ ሒሳብ አውጥተው የልጅ ትምህርት ቤት ከፍለዋል፣ ወይ ቤታቸውን አሳድሰዋል። ከዚያ ሸሪክ ይከሳል፣ ወይ የግብር ኦዲተር መዝገቡን ይከፍታል። እኔ ጋ የሚመጡት ያኔ ነው፤ እኔም ከሀ ጀምሬ አስረዳለሁ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሰው ቢያንስ ይህን አንብቦ ይምጣልኝ።

ስህተት አንድ፦ «ድርጅቱ የኔ ከሆነ ንብረቱም የኔ ነው»

አይደለም። አክሲዮን ማኅበር ወይም ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሲመዘገብ በሕግ ፊት አዲስ ሰው ተወለደ ማለት ነው። ሥጋና ደም የለውም። ግን ስም አለው፣ ንብረት ያፈራል፣ ይበደራል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። የሕግ ሰውነት የሚባለው ይኸው ነው። መኪናው የእሱ ነው፣ መጋዘኑ የእሱ ነው፣ ባንክ ያለው ገንዘብም የእሱ ነው። የእናንተ አክሲዮኑ ነው። አክሲዮን ደግሞ መብት ነው፤ ትርፍ ሲከፋፈል የመካፈል፣ በጉባኤ ድምፅ የመስጠት፣ ማኅበሩ ሲፈርስ ዕዳ ሁሉ ተከፍሎ ከተረፈው ድርሻን የመውሰድ መብት። ከመኪናው አንድ ጎማ እንኳ በግል የእናንተ አይደለም።

«መቶ በመቶ የኔ ቢሆንስ?» ይሉኛል። ያው ነው። ይኼኔ የማካውራን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። ሰውየው ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ሰፊ ርስትና ብዙ እንጨት ነበረው። እንጨቱን ለራሱ ኩባንያ ሸጠና በምትኩ አክሲዮኖቹን በሙሉ ያዘ። እንጨቱን ኢንሹራንስ ያስገባው ግን በራሱ ስም ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1922 እሳት ተነሥቶ እንጨቱ ወደመ። ኢንሹራንሶቹ አንከፍልም አሉ። ክርክሩ ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት እስከነበረው እስከ እንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ደረሰ፣ በ1925 ማካውራ ተረታ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የነደደው እንጨት የኩባንያው እንጂ የእሱ አልነበረም። ሁሉም አክሲዮን በእጁ ነበር፣ ኩባንያው የእሱ ባለዕዳም ነበር፣ አንዱም አላዳነውም።

ይኸው ሕግ የሚጠቅምበት ጊዜም አለ። ኒውዚላንድ ውስጥ ሊ የሚባል አብራሪ ከአውሮፕላን ላይ ማዳበሪያ የሚበትን ኩባንያ ነበረው፤ ከ3,000 አክሲዮን 2,999ኙ የእሱ ነበር። በ1956 በሥራ ላይ ተከስክሶ ሞተ። ሚስቱ የሠራተኛ ካሳ ጠየቀች። የአገሩ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት «ሰው የራሱ ተቀጣሪ አይሆንም» ብሎ ከለከላት። ለንደን የነበረው የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ግን በ1960 ፈረደላት። ቀጣሪው ኩባንያው፣ ተቀጣሪው ሰውየው፤ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸውና።

ከራሴ መዝገብ ደግሞ አንድ ልጨምር። የሦስት ሸሪኮች የጭነት ማኅበር ነበር። አንዱ ሲሞት ልጁ «አባቴ የገዛው ነው» ብሎ አንዱን የጭነት መኪና ነድቶ ወሰደው። አባቱ በእርግጥ ከኪሱ አዋጥቶ ነበር፤ መኪናው የተገዛው ግን በማኅበሩ ስም ነው። ልጁ የወረሰው አክሲዮን እንጂ መኪና አልነበረም። ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ፣ አልሰማኝም። መኪናውን በፍርድ መለሰ፤ በእጁ በቆየበት ጊዜ ለታጣው ገቢም ከፈለ። ከአባቱ ሸሪኮች ጋር የነበረው ቤተሰባዊ ወዳጅነትም እዚያው ተበጠሰ። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፣ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ በመነጋገር የሚያልቅ ነገር ነበርና።

እና ገንዘብ ከድርጅት ማውጣት አይቻልም ማለት ነው? ይቻላል፣ ግን በበሩ። ከሠራችሁ ደመወዝ ተቆርጦላችሁ ግብሩ ይከፈልበት። ትርፍ ካለ ጉባኤ ይወስን፣ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ የትርፍ ድርሻ ተብሎ ይከፈል። ቤታችሁን ድርጅቱ ቢሮ ካደረገው የኪራይ ውል ተፈራረሙ። ለድርጅቱ ካበደራችሁ ወይም ከእሱ ከተበደራችሁ በጽሑፍ ይሁን። የባንክ ሒሳቡን ደግሞ ለዩት፣ እባካችሁ ለዩት። አንድ ሒሳብ ለቤትም ለድርጅትም የሚጠቀም ሰው ከማንኛውም ደንበኛ በላይ ያስጨንቀኛል፣ ምክንያቱም ቀጥሎ ያለውን ጥበቃ በገዛ እጁ እያፈረሰ ነው።

ስህተት ሁለት፦ «ኃላፊነቱ የተወሰነ ስለሆነ እኔን የሚነካኝ የለም»

መሠረቱ እውነት ነው። ሰሎሞን የሚባል የለንደን ጫማ ሠሪ ከ20,007 አክሲዮን 20,001ዱን ይዞ ኩባንያው ሲከስር፣ ዕዳውን እሱ ይክፈል ተብሎ ተከራክረውት ነበር። በ1896 የጌቶች ምክር ቤት ኩባንያውና ሰውየው የተለያዩ ናቸው ብሎ ነፃ አወጣው። ዛሬም ብዙ አገሮች የሚከተሉት መርሕ ይኸው ነው። ባንክ ግን ይህን ከእናንተ በላይ ያውቃል። ብድሩን ለማኅበሩ ይሰጥና እናንተን በግል ዋስ አድርጎ ያስፈርማል። ያቺን አንድ ወረቀት ከፈረማችሁ በኋላ «የተወሰነ» የሚለው ቃል ለዚያ ዕዳ አይሠራም። በግላችሁ ለሠራችሁት ማታለልም አይሠራም። የግልና የማኅበር ገንዘብ ከተደበላለቀ ደግሞ ፍርድ ቤት ማኅበሩን አልፎ ወደ ግል ንብረታችሁ ሊመጣ ይችላል።

ስህተት ሦስት፦ «ሱቄ የንግድ ስም አለው፣ ዕዳው የሱቁ ነው»

በግል ነጋዴነት የተመዘገበ ሰው የንግድ ስም ቢኖረውም ሌላ ሰው አልተፈጠረም። ዕዳው የራሱ ነው፣ እስከ መኖሪያ ቤቱ ድረስ ሊመጣበት ይችላል።

ስህተት አራት፦ «ሥራ አስኪያጁ ባለቤቱ ነው»

አይደለም። ተሹሞ ነው፣ ይሻራል። አንድ አክሲዮን ላይኖረው ይችላል።

ስህተት አምስት፦ «51 ከመቶ ያለው እንዳሻው ያደርጋል»

በተራ ጉዳይ ያሸንፋል። መመሥረቻ ጽሑፍ ማሻሻልና ማኅበር ማፍረስን ለመሰለው ጉዳይ ግን በብዙ አገሮች ከዚያ የበለጠ ድምፅ ያስፈልጋል። አነስተኛ ድርሻ ያለውንም ሕግ ይጠብቀዋል።

ስህተት ስድስት፦ «በጎ አድራጎቱን የመሠረትኩት እኔ ነኝ፣ የኔ ነው»

ይህኛውን የሚሉት ብዙ ጊዜ ልባቸው ጥሩ የሆነ ሰዎች ስለሆኑ መልሱን ስነግራቸው ይከብደኛል። የበጎ አድራጎት ድርጅት ባለአክሲዮን የለውም። አይሸጥም፣ አይወረስም። ቢፈርስ የተረፈው ንብረት በአብዛኛው ተመሳሳይ ዓላማ ላለው ድርጅት ይተላለፋል፣ ለመሥራቹ አይመለስም።

ስህተት ሰባት፦ «ቤቴን ለማኅበሩ በመዋጮ ሰጥቻለሁ፣ አለቀ»

ስሙ ዞሯል? ይህን ስጠይቅ ብዙዎች ዝም ይላሉ። መመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ቤቱ «የዓይነት መዋጮ»፣ ማለትም በገንዘብ ፈንታ በንብረት የተሰጠ መዋጮ ተብሎ ተጽፏል፣ የባለቤትነት ማረጋገጫው ላይ ያለው ግን አሁንም የግለሰቡ ስም ነው። ሰውየው ቢሞት ወራሽ ይመጣል፣ ማኅበሩ ቢከስር አበዳሪ ይመጣል፣ ሁለቱም በአንድ ቤት ላይ ወረቀት ይዘው ይቆማሉ። እንዲህ ያለ መዋጮ ያደረጋችሁ ካላችሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ወደሚመለከተው መዝገብ ቤት ሄዳችሁ በማን ስም እንዳለ እዩ፤ ካልዞረ ሁላችሁም በሕይወትና በሰላም ሳላችሁ አዙሩት።