ታግ ቲም ሲመጣ ቻናል ለሚቀይሩ ጓደኞቼ

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ አንድ ጭማቂ ቤት ተቀምጠን ስለ ሬስሊንግ ስናወራ አንዱ ጓደኛችን «ታግ ቲም ሲመጣ ቻናል እቀይራለሁ» አለ። ሌሎቹም ተስማሙ። ታግ ቲም ማለት ቡድን ከቡድን የሚፋለሙበት ነው፤ ከየቡድኑ አንዱ ሲፋለም ሌላው ማዕዘን ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ የሚገባውም ጓደኛው በእጁ ሲነካው ነው። እኔ ሬስሊንግን የወደድኩት ፒያሳ ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን የሃርዲ ወንድማማቾችን ስናይ ስለሆነ ነገሩ ከነከነኝ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሰማሁትን አንድ በአንድ ልመልስ። ዓመቶቹና ቀኖቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ታግ ቲም የሚገባው ብቻውን ያልተሳካለት ነው»

ብሬት ሃርት ከጂም ናይድሃርት ጋር፣ ሾን ማይክልስ ከማርቲ ጃኔቲ ጋር ዓመታት ተጣምረው ከሠሩ በኋላ ነው ትልቁን ቀበቶ፣ ማለትም የብቻ ቻምፒዮንነቱን፣ የያዙት። ጋና የተወለደው ኮፊ ኪንግስተን በ2019 ሬስልማኒያ 35 ላይ (ሬስልማኒያ የአሜሪካው ሬስሊንግ ድርጅት የደብሊውደብሊውኢ የዓመቱ ትልቁ ዝግጅት ነው) ዳንኤል ብራያንን አሸንፎ በአፍሪካ የተወለደ የመጀመሪያው የደብሊውደብሊውኢ ቻምፒዮን ሆኗል። ሕዝቡ እንዲህ የወደደው ኒው ዴይ ከተባለው ቡድኑ ጓደኞቹ ጋር ባሳለፋቸው ዓመታት ነው። ጄይ ኡሶም ከመንትያ ወንድሙ ጋር ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቶ በ2025 ብዙ ሰው በአንድ ላይ የሚፋለምበትን ሮያል ራምብልን አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት ሬስልማኒያ 41 ላይ ጉንተርን ጥሎ የዓለም ቻምፒዮን ሆነ።

«ሲለያዩ አንዱ ይነሳል፣ ሌላው ይጠፋል» የሚባለውም ከማይክልስና ከጃኔቲ የመጣ ነው። ሌላ ቡድን የነበሩት ኤጅና ክርስቲያን ግን ተለያይተው ሁለቱም የዓለም ቻምፒዮን ሆነዋል።

«አንዱ ሲደበደብ ሌላው ገመድ ይዞ ያያል፤ ዳኛውም ዕውር ነው»

ገመዱ ሕግ ነው። በማዕዘኑ ላይ አጭር ገመድ ታስራለች፤ ተራ የሚጠብቀው እሷን ይዞ መቆም አለበት። ከተነካኩ በኋላ የሚወጣው ሰው ያለው ጊዜ ዳኛው አምስት እስኪቆጥር ብቻ ነው። የታግ ቲም ታሪክ የሚሠራው ከዚህ ክልከላ ነው። ተንኮለኞቹ አንዱን ከራሱ ማዕዘን አርቀው እየተቀያየሩ ይቀጠቅጡታል። እሱ በደረቱ ይሳባል፤ ጣቱ የጓደኛው ጣት ላይ ሊደርስ ሲል እግሩን ይዘው ይጎትቱታል። እንደምንም ሲነካው ደግሞ ዳኛው ፊቱን አዙሮ ነበርና «አላየሁም» ብሎ ጓደኛውን ይመልሰዋል። የዳኛው አለማየት የተመልካቹን ንዴት የሚያጠራቅም ጥበብ ነው። እኛ «ንካው! ንካው!» እያልን ቪዲዮ ቤቱን የምናናውጠው እዚህ ጋ ነበር። በመጨረሻ ሲነካው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የሚቀር አልነበረም። አንድ ለአንድ ግጥሚያ ይህን ስሜት ከየት ያመጣዋል? የሚደርስለት ሰው የለውማ።

«ሁሉም ወንድማማቾች ናቸው»

ሃርዲዎቹ የእውነት ወንድማማቾች ናቸው፤ ኡሶዎቹም (ጄይና ወንድሙ) የቀድሞው ተፋላሚ የሪኪሺ መንትያ ልጆች ናቸው። ደድሊዎቹ፣ ኤጅና ክርስቲያን፣ አንደርቴከርና ኬን ግን አይዛመዱም፤ ወንድምነታቸው የታሪኩ ነው።

«ውጤቱ ስለሚታወቅ አይጎዱም»

አሸናፊው አስቀድሞ ይወሰናል፤ አወዳደቁ ግን እውነት ነው። በ2001 ሬስልማኒያ 17 ላይ ሦስት ቡድኖች በጠረጴዛ፣ በመሰላልና በወንበር ሲፋለሙ ጄፍ ሃርዲ ከላይ ቀበቶዎቹ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ኤጅ ከመሰላል ዘሎ አየር ላይ ነው የመታው። ከዚያ ከፍታ ሲወርዱ አካል ይከፍላል። ታግ ቲም ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ በሁለት ሰዎች እጅ ላይ ሕይወቱን ይጥላል።

«ያ ዘመን አልፏል፤ ታግ ቲም ሞቷል»

ግማሹን እውነት አልክድም። ከ1971 ጀምሮ የነበረው የደብሊውደብሊውኢ አሮጌው የታግ ቲም ቀበቶ በ2010 ተሰርዟል፤ የቀሩት አዳዲሶቹ ናቸው። በ2018 ሬስልማኒያ 34 ላይ ብራውን ስትሮውማን ከተመልካች መሃል የ10 ዓመት ልጅ መርጦ የታግ ቲም ቻምፒዮን ሲሆን እንደ ቀልድ ታለፈ፤ በማግስቱ ቀበቶውን መለሱት። እድሜያቸውን በሙሉ ቡድን ሆነው ለሠሩ ሰዎች ይህ ስድብ ነው። ሁለት ሥራ ያጡ ኮከቦችን አጣብቆ ቀበቶ ማስያዝና ከወራት በኋላ ማጣላትም በየጊዜው ይደጋገማል። በሽታው ይህ ነው፤ ተመልካች ስለጠላው አይደለም።

ጊዜ ሲሰጠው ምን እንደሚሆን አይተናል። ኡሶዎቹ ስማክዳውን የተባለውን የደብሊውደብሊውኢ ፕሮግራም የታግ ቲም ቀበቶ 622 ቀን ያዙ። ሚያዝያ 1 ቀን 2023 ከኬቪን ኦውንስና ከሳሚ ዜይን ጋር ያደረጉት ግጥሚያ የሬስልማኒያ 39ን የመጀመሪያ ምሽት የዘጋ ነበር፤ የታግ ቲም ቀበቶ ግጥሚያ የሬስልማኒያ ምሽት ሲዘጋ ያ የመጀመሪያው ነው። ዜይን ለወራት ከኡሶዎቹ ቤተሰብ ጋር ቆይቶ ስለተለየ፣ እያንዳንዷ ምት የክህደትና የወዳጅነት ክብደት ነበራት። ኤፍቲአር የተባሉት ጥንዶች ደግሞ ደብሊውደብሊውኢን በ2020 ለቀው በ2022 የአሜሪካውን አርኦኤች፣ የሜክሲኮውን ኤኤኤ እና የጃፓኑን አይደብሊውጂፒ ቀበቶ በአንድ ጊዜ ይዘው ዞረዋል። ሴቶቹም ቢሆኑ ሳሻ ባንክስና ቤይሊ በ2019 ካሸነፉት ጀምሮ የራሳቸው ቀበቶ አላቸው፤ እሱም ቢሆን ከተሰጠው የበለጠ ጊዜ ይገባዋል።

የ2023ቱን ግጥሚያ ፍላሽ ላይ ጭኜዋለሁ። ቅዳሜ ያንን ጓደኛዬን አጠገቤ አስቀምጬ ከመጀመሪያው ደወል ጀምሮ አሳየዋለሁ፤ ሪሞቱ እኔ ጋ ይሆናል።