ሰምና ወርቅ

አንድ ሰው ነገር ሸፍኖ ሲናገር «ሰምና ወርቅ ነው የሚያወራው» እንላለን። አባባሉን ያገኘነው ከቅኔ ቤት ነው። ቅኔ ቤቱ ደግሞ ከአንጥረኛ ተውሶት ነው።

አንጥረኛው መጀመሪያ የጌጡን ቅርጽ በሰም ያበጃል። ሰሙን በጭቃ ለብጦ፣ ቀዳዳ ትቶ፣ እሳት ያሳየዋል። ሰሙ ቀልጦ ይፈስሳል። በባዶው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ይገባል። ጭቃው ሲሰበር ጌጡ ይወጣል። ብዙ ሰው ሰሙን እንደ ልጣጭ ነው የሚያየው። እኔ በዚህ አልስማማም። ወርቁ መልኩን ያገኘው ከሰሙ ነው፤ ሰሙ ከተንሻፈፈ እሱም ይንሻፈፋል። ስለዚህ ግጥም ስታነቡ ወርቅ ፍለጋ አትሩጡ። መጀመሪያ ሰሙን በደንብ ስሙት።

ይህን የቆየ ግጥም እንየው፦

ዕፀ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ፣
መድኃኔ ዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ።

ሰሙ የምናውቀው ታሪክ ነው፤ አዳም በለሱን በላ፣ መድኃኔ ዓለም ተሰቀለ። ወርቁ የአፍቃሪ እሮሮ ነው፤ በከንፈርሽ ምክንያት ልቤ ተንጠልጥሎ ቀረ። አሠራሩን ልብ በሉልኝ። አዳም ሰም፣ ከንፈርሽ ወርቅ። መድኃኔ ዓለም ሰም፣ ልቤ ወርቅ። ሰሙና ወርቁ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱን የሚያስተሳስረው «ተሰቀለ» የሚለው ግሥ ነው፤ ለአንዱ መስቀል፣ ለሌላው ጭንቀት። በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ የሚባለው ይኸው ጥንዱ ነው።

እኛ ግን ሁለት ፍቺ ያለውን ሁሉ በዚህ ስም እንጠራዋለን። አንድ ቃል ብቻውን ሁለቱንም ከተሸከመ ስሙ ኅብር ነው። ለምሳሌ ያህል ራሴ የሞካከርኩት ይኸውላችሁ (ሊቃውንት ይቅር ይበሉኝ)፦

ሽማግሌ ልልክ ቀኑን ብጠይቅሽ፣
እኔስ ምን ቸገረኝ፣ ገና ነው ቀጠሮሽ።

ኅብሩ «ገና» ላይ ነው። «ና»ን ስታጠብቁት ታኅሣሥ 29 የሚከበረው በዓል ነው። ስታላሉት «ቆይ፣ አልደረሰም» ማለት ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም፤ ባለቅኔ ደግሞ ይቺን ክፍተት ይወዳታል። ስለዚህ ኅብር ስትፈልጉ ስንኙን በዓይን ብቻ አትለፉት፣ ድምፅ አውጡና አንብቡት። አንዴ አጥብቃችሁ፣ አንዴ አላልታችሁ።

ሌላው ውስጠ ወይራ ነው። እዚህ ወርቁን የሚጠቁም ቃል የለም። ንግግሩ ላይ ላዩን ምንም ነውር የለበትም፤ ምሥጢሩ የሚገባው ሁኔታውን ለሚያውቅ ሰው ነው። ይሄን የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአያቴ ነው። እንግዳ ቁጭ ብሎ አልነሳ ሲል ወደ በሩ እያየች «መንገዱ አልጨለመም ይሆን?» ትል ነበር። ሰሙ ለእንግዳው ማሰብ ነው። ወርቁን እኛ ልጆቹ እናውቀዋለን፣ ሳቃችንን ይዘን ወደ ጓዳ እንሮጣለን።

አንድ ጊዜ ግን አልሠራላትም። አቦልና ቶናውን የጨረሰ ጎረቤት በመስኮት አየት አደረገና «አይ እማማ፣ ገና ነው» ብሎ ሲኒውን ለበረካ ዘረጋ።