የጥንት የውሃ ቀለምና የስቴንስል ሥዕል መማሪያ መጻሕፍት

በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝና በአሜሪካ፣ ያለ አስተማሪ በቤቱ ሥዕል ለመማር ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጁ መጻሕፍት በብዛት ይታተሙ ነበር። አበባና ፍራፍሬ በውሃ ቀለም መሣልን፣ ከፋይ ጨርቅን በስቴንስል፣ ማለትም ቅርጽ ተቆርጦ በወጣለት ወረቀት ቀዳዳ ቀለም በማሸት፣ ማስጌጥን፣ የቤት ግድግዳ መቀባትን ከቀለም አበጣበጡ ጀምረው ያስተምራሉ።

ለመስፋፋታቸው አንዱ ምክንያት ገበያው ነው። ቀድሞ ሠዓሊው ቀለሙን ራሱ ፈጭቶ በግራር ሙጫ ይለውስ ነበር። ሪቭስ የተባሉ የለንደን ወንድማማቾች ግን ውሃ ሲነካው የሚፈታ ደረቅ የቀለም ቁራሽ አዘጋጅተው በ1781 ከኪነ ጥበባት ማኅበር ተሸለሙ። ከዚህ በኋላ ቀለም ነጋዴው አጠቃቀሙን የሚያውቅ ደንበኛ አስፈለገው። በለንደን ስትራንድ ጎዳና ታዋቂ ሱቅ የነበረው ሩዶልፍ አከርማን በ1801 ስለ ራሱ ቀለሞች የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። ስለዚህ ጸሐፊው አንድን ቀለም አብዝቶ ሲያመሰግን፣ ሻጩ ራሱ እንዳይሆን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ሌላው ምክንያት የሴቶች ትምህርት ነው። የሠዓሊዎች ማኅበርና ትምህርት ቤት የሆነው የለንደኑ ሮያል አካዳሚ ሲመሠረት፣ በ1768፣ ሁለት ሴቶች ከመሥራቾቹ መካከል ቢቆጠሩም፣ ትምህርት ቤቱ ሴት ተማሪ የተቀበለው በ1860 ነው። በሩ ለተዘጋባቸው ሴቶች እነዚህ መጻሕፍት እውነተኛ ትምህርት ነበሩ። በንቀት መታየታቸው ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ከሁሉም በላይ የሚማርከው «ቲዎረም» የተባለው የስቴንስል ሥዕል ነው። ማቲው ፊን በ1830 በኒውዮርክ፣ ቢ. ኤፍ. ጋንዲ የተባለ ጸሐፊ ደግሞ በ1835 በለንደን ስለ ዘዴው የሚያስተምሩ መጻሕፍት አሳትመዋል። አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የሚሣለው ነገር፣ ለምሳሌ የፍራፍሬ ቅርጫት፣ በመስመር ይነደፍና እያንዳንዱ ክፍል ቁጥር ይሰጠዋል። ጎን ለጎን የሚነካኩ ሁለት ክፍሎች አንድ ዓይነት ቁጥር አይይዙም፤ በአንድ ወረቀት ላይ ከተቆረጡ በመካከላቸው ወሰን አይቀርምና። ከዚያ በተልባ ዘይትና በቫርኒሽ ጠንክሮ ብርሃን የሚያሳልፍ ወረቀት በንድፉ ላይ ይነጠፋል፤ ቁጥር አንድ የሆኑት ሁሉ ከአንደኛው ወረቀት፣ ቁጥር ሁለት የሆኑት ከሁለተኛው እያለ ተቆርጠው ይወጣሉ። ወረቀቶቹም በተራ በሚሣልበት ጨርቅ ወይም ወረቀት ላይ ተነጥፈው ቀለም በቀዳዳቸው ይታሻል።

የሙያው ምስጢር ውሃው ላይ ነው። ቀለሙ ወፍራም፣ ብሩሹ አጭር፣ ጠንካራና ከሞላ ጎደል የደረቀ መሆን አለበት። ውሃ ከበዛ ቀለሙ በወረቀቱ ሥር ሾልኮ ጠርዙን ያበላሻል። እጅ ከጠርዝ ወደ መሐል እየተሽከረከረ ሲያሽ፣ ዳሩ ይደምቃል፣ መሐሉ ፈዘዝ ብሎ ይቀራል፤ ጠፍጣፋው ቀዳዳ ክብ ኮክ ይሆናል። የቅጠል ሥርና የወይን ሐረግ መጨረሻ ላይ በቀጭን ብሩሽ ይሳላሉ።

ፊን በመጽሐፉ ርዕስ ላይ ሕፃን ልጅ እንኳ ጥበቡን በአንድ ሳምንት እንደሚማር ቃል ገብቷል። ይህ ማስታወቂያ ነው። ቅርጹን ወረቀቱ ይሰጣል፤ ጥላው የት እንደሚጠቁር የሚወስነው ግን የሠሪዋ ዓይን ነው።

ለግድግዳ ሥራ ሩፈስ ፖርተር ሊታለፍ አይገባም። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በኒው ኢንግላንድ፣ እየተዘዋወረ የቤት ግድግዳ ይሥል የነበረው ይህ ሰው በ1825 ባሳተመው የልዩ ልዩ ሙያዎች መጽሐፍ በግድግዳ ላይ የመልክዓ ምድር ሥዕል አሣሣልን አስተምሯል። በ1845 «ሳይንቲፊክ አሜሪካን» የተባለውን የሳይንስ መጽሔት የመሠረተውም እርሱ ነው።

የቀለም መመሪያዎቹን ዛሬ እንዳሉ መከተል አደገኛ ነው። በዘመኑ ይሸጥ የነበረው «የንጉሥ ቢጫ» እና ኤመራልድ አረንጓዴ አርሴኒክ አለባቸው። ጋምቦጅ የተባለው ቢጫ ሙጫም ከተዋጠ ሆድን ክፉኛ ያስቀምጣል። ብሩሽን በከንፈር ማሾል የለመደ ሰው ይህንን ልብ ሊል ይገባል።

ብዙዎቹ የመጻሕፍቱ ሥዕሎች በመዳብ ላይ ተቀርጸው ከታተሙ በኋላ አንድ በአንድ በእጅ ይቀቡ ስለነበር፣ የአንድ መጽሐፍ ሁለት ቅጂዎች ቀለማቸው ይለያያል። ጆርጅ ብሩክሾው ለሴቶች ባዘጋጀው የአበባ ሥዕል መማሪያ ደግሞ ከተቀባው ሥዕል ጋር ያልተቀባ አቻው ቀርቧል፤ ተማሪዋ እያየች እንድትሞላው ነው። በአሜሪካ የዴላዌሩ ዊንተርቱር ሙዚየም ቤተ መጻሕፍት ከዚህ ዓይነት ሥራዎች ብዙ ይገኛሉ።

የስቴንስሉ ዘዴ በፓሪስ ረጅም ዕድሜ አግኝቷል። ዣን ሶዴ በ1925 ባሳተመው መማሪያ ቅርጹ የሚቆረጠው ከቀጭን የብረት ዝርግ ነው፤ ዘዴውም የመጻሕፍትንና የፋሽን ሥዕሎችን ለማቅለም ያገለግል ነበር።